የኮሪደሩ ቦይለር

ቦይለሩ በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ማፍሰስ የጀመረው ረቡዕ ጠዋት ነው። መጀመሪያ የሰማችው አክስቲቱ ናት። እሷ እዚያ ቤት ውስጥ የማትሰማው ነገር የለም፤ ግድግዳ ማዶ ጎረቤት ቢያስነጥስ ከዚህ ሆና "ይማርህ" የምትል ሴት ናት።

"ሚጢ! ኧረ ነይ ውጪ! ይሄ ጉደኛ ደግሞ ጀመረው!"

ሚጢ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ነጭ ጋዎን ለብሳ መድኃኒት ቤት ስትውል ሰዉ ሁሉ "ዶክተር" እያለ ነው የሚጠራት። ቤት ስትገባ ግን ያው ሚጢ ናት። ረቡዕ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ገና ከአልጋዋ አልወረደችም ነበር። በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ተቀበላት።

ቦይለሩ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከአባቷ መኝታ ቤት ጎን፣ በር በሌላት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ነው። ወገብ በሚደርስ የብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ፣ ሆደ ሰፊ። ከሥሩ፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ፣ ጣት የምታህል ሴፍቲ ቫልቭ አለች። ውስጥ ያለው ግፊት ሲበዛ በእሷ በኩል ይተነፍሳል። የቫልቯ አናት ላይ ደግሞ አንዲት ብሎን አለች። ያቺን ብሎን ግማሽ ዙር ያላላ ሰው ቦይለሩን ከመሬት ተነስቶ ሊያስለቅሰው ይችላል። ይህን ሚጢ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንዴት እንዳወቀች ወደኋላ እንመጣበታለን።

ማብሪያውን አጠፋች፣ የውሃውን መዝጊያ ዘጋች። አክስቷ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ውሃውን በመወልወያ እየገፋች ታማርራለች።

"ይሄ እኮ ሰው ቢሆን ኖሮ የሽንት ሐኪም ጋ ወስደን እንገላገል ነበር!"

ከመኝታ ቤቱ ውስጥ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ የሚጢ አባት፣ አንድ ነገር መናገር ሲፈልጉ መጀመሪያ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ያንኳኳሉ። ድሮ ችሎት ላይ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት ይባላል። አምና ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ከድቷቸዋል፤ ንግግራቸውም አንድ አንድ ቃል ሆኗል።

"ጥሩት" አሉ።

"ጋሼ፣ ሌላ ሠራተኛ ብንፈልግስ? ልጁ ሁለቴ ሠራው፣ ሁለቴም ፈሰሰ እኮ" አለች አክስቲቱ ለወንድሟ።

"የገጠመው እሱ ነው። እሱ ይምጣ።"

ዳኛው አንዴ ከተናገሩ አለቀ። አክስቲቱ እርጥብ እጇን አየችና ወደ ሚጢ ዞረች። "እጄ ውሃ ነው፤ አንቺ ደውዪ።" ያለፉትን ሁለት ጊዜያት የደወለችው አክስቲቱ ነበረች። ሚጢ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ለመፈለግ አልተቸገረችም፤ "ቦይለር" ብላ ነው የመዘገበችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትደውልበት፣ ሳታጠፋውም ኖራለች።

"ሃሎ።"

"ከዳኛው ቤት ነው። ቦይለሩ ያፈሳል።"

"ደግሞ?"

"ደግሞ።"

"እመጣለሁ።"

ስልኩን ዘጋችው። ተናዳለች። ከንዴቷ ሥር ደግሞ ለራሷ እንኳ ልትናገረው የምታፍረው ደስታ ነበር።

* * *

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ቦይለሩ ሲገጠም ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ በእርሳሱ ቦይለሩ ጎን ላይ ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ። "እኛ ቧንቧ ሠራተኞች ማስታወሻ ደብተር የለንም፤ የምንጽፈው ብረቱ ላይ ነው" አላት። ሚጢ ሳቀች። ስትስቅ ቀና ብሎ አያት። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ይገምተዋል።

ቀጣዩ ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ሚጢ ስድስት ወር መታገስ አልቻለችም። አንድ ረቡዕ ማለዳ በሳንቲም ጠርዝ ያቺን ብሎን ግማሽ ዙር አላላቻት። ቦይለሩ አፈሰሰ፣ አክስት ጮኸች፣ ሠራተኛው ተጠራ። ጓዳዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ እሷ ባትሪ እያበራችለት፣ ስለ ጎማና ቧንቧ ላይ ስለሚጠመጠመው ቴፍሎን እያወሩ ፍቅር ያዛቸው። በስምንት ወር ውስጥ ቦይለሩ አሥራ አንድ ጊዜ አፈሰሰ። "ቀጣይ ምርመራ" በሚለው ቦታ ሁልጊዜ የሚጻፈው አንድ ቃል ሆነ፤ "ረቡዕ"።

ዳኛው ግን ሠላሳ ዓመት የሰው ሐሰት ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በሚጢ የዕረፍት ቀን ብቻ የሚያፈስ ቦይለር አላሳመናቸውም። ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ባፈሰሰበት ቀን ልጁን ሳሎን አስጠርተው ፊታቸው አቆሙት። ሚጢንም ጠሯት። አክስትም በር ላይ ቆማ ነበር።

"በመካከላችሁ ነገር አለ ወይ?" አሉ፣ እሷን እያዩ።

ልጁ ወደ እሷ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ እንዲያውም እፎይታ የሚመስል ነገር ነበር። ሚጢ ግን አባቷን አየች፤ ያንን ግንባር፣ ያንን ዝምታ።

"የለም" አለች። "ቦይለር ሊሠራ ነው የሚመጣው።"

ልጁ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ደብዳቤ ጻፈችለት፤ አራት ገጽ። ከሳምንት በኋላ በራሷ ወረቀት ጀርባ ላይ አንድ መስመር ጽፎ መለሰላት። "በአፍሽ የካድሽኝን በወረቀት አትመልሺልኝ" ይላል። ያን ወረቀት እስካሁን አልቀደደችውም።

* * *

ዛሬ ረፋዱ ላይ ልጁ መጣ። ባለፉት ሁለት ጊዜያት እንዳደረገው "እንደምን አደሩ" አላት። አንቱ ብሎ! እሷም "ደህና፤ እርስዎስ" አለች። በአንድ ወቅት አንዱ የሌላውን ጥፍር ቅርጽ ለይቶ የሚያውቅ ሁለት ሰው እንዲህ ሲከባበር ማየት ያሳዝናል።

ጓዳዋ ውስጥ ተንበረከከ። ሚጢ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ዳኛው ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠዋል።

"ብሎኗ ላልታለች" አለ ሳይዞር። "ዛሬም።"

"ባለፈው በደንብ አላጠበቋትም ማለት ነዋ።"

"እኔ ያጠበቅኳት ብሎን በራሷ አትላላም።"

"ታዲያ ማን አላላት?"

ቀስ ብሎ ዞረ። "እዚህ ቤት ውስጥ ይህቺን ብሎን የሚያውቃት ስንት ሰው አለ?"

ሚጢ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። "እኔ ነኝ የምትለኝ?" አንቱታው ሁለት ደቂቃ አልቆየም።

"በምን እንደምትፈቻት ነው ያልገባኝ። ያኔ በሳንቲም ስታላያት ጭረት እንኳ አታሳርፊባትም ነበር። አሁን አፏን በልተሽዋል፤ ተመልከቺ።"

"እኔ አልነካኋትም! አንተ ነህ ላላ አድርገህ የምትሄደው፤ ተመልሰው እንዲጠሩህ!"

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። "ለመምጣት ሰበብ የምፈልግ ሰው ብሆን ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበርኩ?"

"ታዲያ ሲጠሩህ ለምን ትመጣለህ?"

ዓይኑን ወደ ቫልቯ መለሰ። "ቦይለር ልሠራ" አለ። "ራስሽ ነሽ ያልሽው።"

ከመኝታ ቤቱ የከዘራ ድምፅ መጣ፤ አንዴ ብቻ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለማንኛውም ጨዋታው ያበቃል" አለ። "ቅዳሜ እሄዳለሁ። ሩቅ አገር ሆስፒታል እየተሠራ ነው፤ የቧንቧው ሥራ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ፈርሜያለሁ። ባለፈው ስመጣ ለአባትሽ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሌላ ሠራተኛ ካሁኑ እንዲፈልጉ።"

"ለእሳቸው ነገርካቸው? ለእኔስ?"

"አንቺ አልጠየቅሽኝም።"

ሚጢ አፏን ከፈተች። "አትሂድ" የምትል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ነገር ግን "ጨዋታ" ያለው ነገር አስቆጥቷት ዋጠቻት። እሷ ያልነካችውን ብሎን ነካሽ የሚላት ሰው፣ እሷ የምትለውን የትኛውን ቃል ያምናል?

ልጁ አሮጌዋን ቫልቭ ነቀለና ቦርሳው ውስጥ ጣላት። ከዚያ ሌላ አወጣ፤ አናቱ ድቡልቡል፣ ልሙጥ፣ ብሎን የሚባል ነገር የሌለው። ገጠመው። ሦስት ጊዜ በመፍቻ አጠበቀው፤ ሦስተኛው ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

"ይሄን ማንም አያላላውም" አለ። "አንቺም፣ እኔም።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ቦይለሩ ጎን ላይ ቀኑን ጻፈ። ከሥሩ "ቀጣይ ምርመራ" ብሎ ጀመረና እርሳሱ ቆመ። ባዶውን ተወው።

ሲወጣ በመኝታ ቤቱ በር በኩል ቆም አለ። "ጨርሻለሁ ጋሼ። ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም።"

"አያፈስም?" አሉ ዳኛው።

"በፍጹም።"

ዳኛው ለረጅም ጊዜ አዩት። የሚናገሩ መስለው ነበር፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ትንሽ ተነሳ። ልጁ ግን እጅ ነስቶ ዞሯል። ሚጢ የግቢው በር ሲዘጋ ሰማች። ኮሪደሩ ደርቋል፣ ቦይለሩ ዝም ብሏል፤ በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት የከፋት ጊዜ የለም።

* * *

ምሳ ሰዓት ላይ ለአባቷ ሾርባ አስገባችላቸው። በግራ እጃቸው ራሳቸው መብላት ይፈልጋሉ፤ ማንም እንዲያጎርሳቸው አይፈቅዱም። የማንኪያዋ እጀታ ጫፍ ተጣምሟል። አክስቷ ሰሞኑን "ማንኪያዎቼን ማን ነው እንዲህ የሚጫወትባቸው" ስትል እንደነበር ትዝ አላት፤ ወዲያው ረሳችው።

"ሄደ?" አሉ።

"ሄደ።"

"ተነጋገራችሁ?"

"ስለ ቦይለሩ?"

ማንኪያዋን አስቀመጡ። ቃል ሲፈልጉ ግንባራቸው ላይ ላብ ይወጣል። "ፍርድ ቤት... ጎን ክፍሉ... ታስታውሻለሽ?"

ሚጢ አላስታወሰችም። ደክሟቸው የቆየ ነገር ውስጥ የገቡ መሰላት። በሽታው እንዲህ እንደሚያደርግ ታውቃለች፤ በየቀኑ መድኃኒት ቤት ለሰው የምታስረዳው ነው። "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ፣ አባባ" አለቻቸው። ራሷ ማልቀስ ስለፈለገች፣ ቶሎ ብላ ሳህኑን አስጠጋችላቸውና ወጣች።

ጎበዝ፣ ይህቺን "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ" ያዙልኝ። ሚጢ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የምትሸከማት እሷን ነው።

ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀበረች። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማችና ተስፈንጥራ ወጣች። አባቷ ቦይለሩ ፊት፣ ጓዳዋ አፍ ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ከዘራቸው አንድ በኩል፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው የለም። ወለሉ ጠብታ ውሃ አልነበረበትም፤ አዳልጧቸው ነው እንዳይባል ደረቅ ነው። ሁለተኛው ስትሮክ ነበር።

* * *

ያን ዕለት የተጠራው ሐኪም በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን መጣ። ዓርብ ጠዋት የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀና ሚጢን ወደ መስኮቱ ጠራት። አንድ የሙያ ባልደረባ ሌላውን እንደሚያናግር ነገራት፤ ሆስፒታል መውሰድ ማንገላታት ነው፣ የቀረው ሰዓታት ነው። "ግን አናግሪያቸው" አላት። "ሁሉም ነገር ሄዶ መስማት ወደኋላ ይቀራል ይባላል።"

ምን ትበላቸው? አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሞቃቷን ግራ እጃቸውን ያዘች።

"ሚጢዬ" አለች አክስቷ ከበሩ። ከረቡዕ ወዲህ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ቀጥኗል። "ያ አንዱ ነጠላ ጫማው ጠፋ። እስቲ ፈልጊው፤ እግሩ ጎዶሎ ሆኖ አላስቀምጥ አለኝ።"

ትንሽ ነገር ነው፤ ቢሆንም ሰው እንዲህ ባለ ቀን የሚይዘው ትንሽ ነገር ይፈልጋል። ሚጢ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከች። ከቦይለሩ ብረት መቆሚያ ሥር እጇን ሰደደች። ጫማውን አገኘችው። ከጫማው ኋላ ሌላ ነገር ጣቷን ነካት፤ ቀዝቃዛ፣ ቀጭን።

የሾርባ ማንኪያ ነበረች። የእጀታዋ ጫፍ ተጠማዝዟል፣ ጠርዟ ተበልቷል።

መጀመሪያ አልገባትም። ማንኪያዋን ገለበጠቻት። ቀና ስትል አዲሱ ቫልቭ ፊት ለፊቷ ነው፤ ያ ልሙጡ፣ ያ ድቡልቡሉ። ልሙጥ አልነበረም። ዙሪያውን ተጫጭሯል፤ አንድ ቦታ፣ ሌላ ቦታ፣ ከላይ፣ ከጎን። አንድ ሰው በማይታዘዝ እጁ ብሎን ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ እንደገና ሲፈልግ የነበረበት ጭረት ነው።

ሚጢ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

አክስቷ መጥታ ማንኪያዋን አየች፣ ቫልቩን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጎን ክፍሉ" አለች ቆይታ። "ወይኔ ወንድሜን!"

"ምንድን ነው ጎን ክፍሉ፣ እትዬ? እኔንም ጠይቀውኝ ነበር።"

"ባልና ሚስት ተካሰው ሲመጡ እኮ ወዲያው አይፈርድም ነበር። ከችሎቱ ጎን ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ያስገባቸውና በሩን ይዘጋባቸዋል። 'ተነጋግራችሁ ውጡ' ነው የሚላቸው። ስንቱ ታርቆ ወጥቷል መሰለሽ! ሲያወራው ደስ ይለው ነበር።" መቆሚያውን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። "አንቺን ከዚያ ከሳሎኑ ቀን ወዲህ ስትደርቂ ያይ ነበር። 'ተሳስቻለሁ' ማለት ግን ከየት ያምጣው? የፈረደውን አንስቶ አያውቅማ። ልጁ ልሄድ ነው ሲለው ጊዜ ደግሞ ቸኮለ።"

ሚጢ ጠባቧን ጓዳ አየቻት፤ ለሁለት ሰው እንኳ የማትበቃውን። አባቷ እንደዚያ ጎን ክፍል እዚህ አስገብተዋቸው፣ ከጎን ተቀምጠው ጠብቀዋል። እነሱ ደግሞ ውስጥ ሆነው ያንኑ ብሎን አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ ሲባባሉ ዋሉ።

ስልኳን አነሳች። "ቦይለር" የሚለውን ፈልጋ ደወለች።

"ቦይለሩ..." አለች።

"ሊያፈስ አይችልም" አለ። ድምፁ ድካም አለው። "እባክሽ፣ ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው።"

"አያፈስም። አባባ ነበሩ። ይሰማሃል? ሦስቱንም ጊዜ አባባ ነበሩ ያላሏት። በማንኪያ፣ በግራ እጃቸው።"

"ጭረቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "አይቼዋለሁ። አይቼው... አንቺን ነው የጠረጠርኩት።" ወዲያው ጠየቀ። "ሚጢ፣ እሳቸው አሁን የት ናቸው?"

ሚጢ ብሎ ከጠራት ሁለት ዓመቱ ነው። አባቷ ሰዓታት ብቻ እንደቀራቸው ነገረችው።

* * *

የሥራ ልብሱን ሳይሆን ለመንገዱ ያዘጋጀውን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጠው ደፍ ነውና፣ እግሩ አመነታ። አክስቲቱ ክንዱን ይዛ አስገባችው።

የዳኛው ትንፋሽ አንዴ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው እስኪጨነቅ ይጠፋል። ሚጢ የልጁን እጅ ያዘች። አውራ ጣቱ ጥፍር ላይ መፍቻ የመታው ጥቁር ነጥብ ዛሬም አለ። እጇን ከእጁ ጋር አባቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ጆሯቸውም ጎነበሰች።

"አባባ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። በመካከላችሁ ነገር አለ ወይ ብለውኝ ነበር።" እንባዋ ትራሳቸው ላይ ወረደ። "አለ። ያኔም ነበረ። እርስዎንም ዋሸሁ፣ እሱንም ካድኩት፤ ፈርቼ ነው። አባባ፣ አለ። እየሰሙኝ ነው? ማንኪያዋን አግኝቻታለሁ።"

ልጁ ተንበረከከ። "ጋሼ፣ ባላውቅ ነው" አለ። "ባውቅ ኖሮ አላሽገውም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።"

ዳኛው ዓይናቸውን አልገለጡም። አክስቲቱ በኋላ ለመጣው ሁሉ እየማለች እንደተናገረችው፣ ከሁለቱ ልጆች እጅ ሥር የነበሩት የግራ እጃቸው ጣቶች ትንሽ ተነቃነቁ፤ አንድ ነገር ይዘው እንደማዞር አሉ። ሐኪሙ እንዲያ ያለ እንቅስቃሴ ትርጉም የለውም ይላል። ሚጢ ፋርማሲስት ናት፤ ሐኪሙ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። አክስቷን ግን አንድም ቀን አላረመቻትም።

ዳኛው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አረፉ።

* * *

ቅዳሜ ተቀበሩ። ልጁ ጉዞውን በአንድ ቀን አስተላለፈ፤ ከዚያ በላይ አልፈቀዱለትም። የፈረመው ውል አለ፣ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። ሚጢ ቅር አትበይ የሚላት አላስፈለጋትም። የባከነው ሁለት ዓመትና አንድ ወር እንጂ የእሱ መሄድ አልነበረም ያንገበገባት፤ ከሀዘኑም ጋር ተደባልቆ ለየትኛው እንደምታለቅስ እንኳ መለየት አቅቷት ነበር።

እሑድ ማለዳ፣ ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ብቻ ይዞ ገባ። ምንም ሳይናገር ጓዳዋ ውስጥ ተንበረከከ። ሚጢም ምንም ሳትጠይቅ ባትሪውን አበራችለት። የተጫጫረውን ቫልቭ ነቀለው። ከቦርሳው ሥር አሮጌዋን አወጣት፤ ብሎኗ አፏ የተበላውን። በሸሚዙ እጅጌ አበሳት፣ ቴፍሎን ጠመጠመባት፣ መልሶ ገጠማት።

"አዲሱ ይሻላል እኮ" አለች ሚጢ። የምትለው አጥታ ነው።

"ይሻላል" አለ። "ግን እሳቸው መጥተው ብሎኗን አጧት። እዚህ ቤት ሁለተኛ ማንም እንዲያ ሆኖ አይመለስም።"

ተነሱ። ጠባቧ ጓዳ ውስጥ ግንባር ለግንባር ቆሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆኑ ማናቸውም አያውቁም። "ጠብቂኝ" አላላትም፣ "እጠብቅሃለሁ" አላለችውም። ግንባሩን ግንባሯ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ቦይለሩ መለሰ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ፣ ቶሎ ቶሎ አንድ ነገር ጻፈ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ።

የግቢው በር እስኪዘጋ አላነበበችውም። ረቡዕ ዕለት ባዶውን በተወው ቦታ፣ "ቀጣይ ምርመራ" ከሚለው አጠገብ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ አንድ ቀን ተጽፏል፤ ከቀኑ ጎን ደግሞ "ረቡዕ" ይላል።

ሚጢ ከኪሷ ማንኪያዋን አወጣች። የተጣመመውን ጫፍ ብሎኗ አፍ ውስጥ አስገባችው፤ ልክ ገባ። ግማሽ ዙር አዞረችው። የመጀመሪያው ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ሁለተኛው ተከተለው። የሚጠራ ሰው የለም፤ ከመኝታ ቤቱ የሚያንኳኳ ከዘራም የለም። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ውሃው እግሯ ሥር እስኪደርስ አየችው።

አክስቲቱ ሰማች። መቼም እሷ የማትሰማው የለም። ከወጥ ቤት እየሮጠች መጣች፣ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። አልጮኸችም። ተመልሳ ሄዳ ባልዲ አመጣች፣ ከጠብታው ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው፣ ቀሚሷን ሰብስባም ከሚጢ አጠገብ እርጥቡ ላይ ተቀመጠች።

"ተይው ይፍሰስ" አለች።